አጥንትን የሚያጸና መድኀኒትና የደም መርጋት አደጋ

ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች በቤት ውስጥ ወይም በደጅ ጥቂት ተደናቅፈው ሲወድቁ የዳሌ አጥንታቸው ወይም የእጅ አንጓቸው ሲሰበር ብዙ ጊዜ እናያለን። ወጣት ሰው ቢሆን አቧራውን አራግፎ የሚነሣበት አወዳደቅ አሮጊቷን ለወራት አልጋ ላይ ያውላታል። የዚህም ዋናው ምክንያት የአጥንት መሳሳት ነው፤ ሐኪሞች ኦስቲዮፖሮሲስ ይሉታል። ዛሬ ለዚህ በሽታ ልዩ ልዩ መድኀኒቶች ተገኝተዋል። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ አጥንትን ሲያጸኑ ደም በደም ሥር ውስጥ እንዲረጋ ምክንያት ይሆናሉ። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን ይህ አደጋ ከምን እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚበረታ፣ እንዴትም እንደሚጠበቁት እናስረዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ/ አጥንት ስለ ምን ይሳሳል?

አጥንት እንደ ድንጋይ የማይለወጥ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እውነቱ ግን አጥንት ሕይወት ያለው የሰውነት ክፍል ነው። በውስጡ አሮጌውን አጥንት የሚያፈርሱ ሕዋሳትና አዲሱን የሚሠሩ ሕዋሳት ይገኛሉ። በወጣትነት ጊዜ የሚሠራው ከሚፈርሰው ይበልጣል ወይም ይስተካከላል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን የሚፈርሰው ይበልጣል። በሴቶች ዘንድ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን አፍራሾቹን ሕዋሳት እንደ ልጓም ይገታቸዋል። በዕድሜ ምክንያት የወር አበባ ሲቋረጥ ይህ ሆርሞን ስለሚያንስ ልጓሙ ይላላል፤ አጥንቱም ቶሎ ቶሎ ይሳሳል። ምስጥ የበላው ምሰሶ ከውጭ ሲያዩት ደኅና መስሎ ውስጡ ባዶ እንደሚሆን፣ የሳሳ አጥንትም እንዲሁ ነው። በሽታው በራሱ ሕመም ስለሌለው፣ ስብራት እስኪደርስ ድረስ ብዙዎቹ በሽተኞች አያውቁትም። ስብራቱም የሚበዛው በጀርባ አከርካሪ፣ በዳሌና በእጅ አንጓ ላይ ነው።

2ኛ/ ደም በደም ሥር ውስጥ ስለ ምን ይረጋል?

ደም መርጋቱ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ቢላዋ ጣታችንን ሲቈርጠን ደሙ ረግቶ ቍስሉን ባይዘጋው ኖሮ፣ በትንሽ ቍስል ሰው ይሞት ነበር። ጉዳት የሚሆነው ደም ያለ ቦታው፣ በደም ሥር ውስጥ ሲረጋ ነው። ከ1821 እስከ 1902 የኖረው ሩዶልፍ ፊርኾ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም፣ በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ተቈርጦ ወደ ሳንባ ሄዶ የሳንባን የደም ሥር እንደሚደፍን በምርምሩ አስረዳ። ዛሬም ሐኪሞች የደም መርጋትን ምክንያቶች በእርሱ ስም በሚጠራው ትምህርት መሠረት በ3 ይከፍሏቸዋል። እነርሱም፦

ሀ/ የደሙ አካሄድ መዘግየት፤
ለ/ የደም ሥሩ ግድግዳ መጐዳት፤
ሐ/ ደሙ ራሱ ለመርጋት መፍጠን ናቸው።

የመጀመሪያውን ምክንያት ለመረዳት የእግራችንን ሥራ እንመልከት። ደም ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ሽቅብ እየወጣ ነው። ሰው ሲራመድ የባቱ ጡንቻ ደም መልስ የሚባሉትን የደም ሥሮች እየጨመቀ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በደም መልሶቹም ውስጥ ያሉት ትናንሽ ክዳኖች ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ያግዱታል። ሰው ለብዙ ቀን ሲተኛ ወይም ለብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ሲቀመጥ ግን ይህ ግፊት ስለሚቀር ደሙ እንደ ታቆረ ውሃ ይሆናል። በባት ወይም በጭን ውስጥ የረጋው ደም ቍራጩ ተነሥቶ በልብ በኩል አልፎ ሳንባ ሲደርስ የደሙን መንገድ ይዘጋዋል። የተዘጋው መንገድ ትልቅ እንደ ሆነ፣ ሰው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል።

3ኛ/ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት የትኞቹ ናቸው?

ለአጥንት የሚሰጥ መድኀኒት ሁሉ ደም ያረጋል ማለት አይደለም። ስለዚህ የመድኀኒቱን ስም ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ራሎክሲፊን፦ ይህ መድኀኒት በአሜሪካ በ1997 የተፈቀደ ሲሆን፣ ኤቪስታ በሚል ስምም ይታወቃል። የወር አበባቸው በዕድሜ ለተቋረጠ ሴቶች በቀን አንድ ጊዜ 60 ሚሊግራም ይሰጣል። በአጥንት ላይ የኤስትሮጅንን ሥራ እየሠራ አፍራሾቹን ሕዋሳት ይገታል፤ የአከርካሪ ስብራትንም ይቀንሳል። የዳሌ ስብራትን እንደሚቀንስ ግን አልተረጋገጠም። ደምን በማርጋትም በኩል ኤስትሮጅንን ስለሚመስል፣ ከላይ በ«ሐ» ከተጠቀሰው ምክንያት ውስጥ ይገባል።

ኤስትሮጅን፦ በክኒን መልክ የሚዋጥ ኤስትሮጅን አጥንትን ይጠብቃል፤ ነገር ግን ደም የመርጋትን አደጋ ይጨምራል። በአሜሪካ 16,608 ሴቶች የተሳተፉበት፣ የኤስትሮጅንና የፕሮጀስቲን ክኒን የተፈተነበት ታላቅ ምርመራ በ2002 ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደርጓል፤ በዚያ ምርመራ መድኀኒቱን በወሰዱት ዘንድ የደም መርጋት በእጥፍ ያህል በዝቶ ተገኝቷል።

አሌንድሮኔት፣ ራይዝድሮኔት፣ ዞሌድሮኒክ አሲድና ዴኖሱማብ የሚባሉት መድኀኒቶች ሥራቸው በሌላ መንገድ ስለ ሆነ በዚህ አደጋ አይጠረጠሩም። እነርሱም የየራሳቸው ጥንቃቄ አላቸው። ለምሳሌ አሌንድሮኔት የሚዋጠው ጧት በባዶ ሆድ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይተኙ መቆየት ግዴታ ነው። ሮሞሶዙማብ የሚባለው በ2019 በአሜሪካ የተፈቀደው መርፌ ደግሞ የልብ ድንገተኛ ሕመምና ስትሮክ ሊያስከትል እንደሚችል ተጽፎበታል፤ ስለዚህ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የልብ ድንገተኛ ሕመም ወይም ስትሮክ ላገኘው ሰው አይሰጥም።

4ኛ/ አደጋው ምን ያህል ነው?

አደጋን በቍጥር መመዘን ከባዶ ፍርሃትም ከባዶ ድፍረትም ያድናል። በ2006 ውጤቱ በታተመው ምርመራ 10,101 ሴቶች ከ5 ዓመት በላይ ተከታትለዋል። እነዚህ ሴቶች የተመረጡት የልብ ሕመም ስላለባቸው ወይም ስለሚያሠጋቸው ነበር እንጂ በአጥንት መሳሳት ምክንያት አልነበረም። ራሎክሲፊን ከወሰዱት 5,044 ሴቶች በ103ቱ ላይ በደም መልስ ውስጥ ደም ሲረጋ፣ መድኀኒት የሌለበት ክኒን ከወሰዱት 5,057 ሴቶች ደግሞ በ71ዱ ላይ ረግቷል። በሌላ ወገን ሕመሙ የተገለጠ የአከርካሪ ስብራት መድኀኒቱን ከወሰዱት በ64ቱ፣ ካልወሰዱት በ97ቱ ላይ ደርሷል። በስትሮክ የሞቱትም መድኀኒቱን ከወሰዱት 59፣ ካልወሰዱት 39 ነበሩ።

ከዚህ ቍጥር 2 ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ መድኀኒቱን ከሚወስዱት ሴቶች አብዛኞቹ የደም መርጋት አያገኛቸውም፤ ከ1,000 ሴቶች በአንድ ዓመት ውስጥ የሚጨምረው ከ1 ጥቂት ቢበልጥ ነው። ሁለተኛው፣ በእነዚህ ሴቶች ዘንድ የዳነው አከርካሪና የመጣው የደም መርጋት በቍጥር ተቀራራቢ ነበር። ስለዚህ ሚዛኑ የሚያደላው እንደ ሰውዬዋ ሁኔታ ነው። አጥንቷ እጅግ ለሳሳ፣ ደሟ ግን ረግቶ ለማያውቅ፣ ተንቀሳቅሳ ለምትውል ሴት ጥቅሙ ያመዝናል። ደሟ ከዚህ ቀደም ረግቶ ለሚያውቅ ሴት ግን ጉዳቱ ያመዝናል፤ ስለዚህ ለእርሷ ጨርሶ አይሰጥም። አደጋው እጅግ የሚበረታውም መድኀኒቱ በተጀመረባቸው በመጀመሪያዎቹ 4 ወራት ነው።

5ኛ/ ከመጀመር በፊት ለሐኪም የሚነገር

በሽታውን የደበቀ መድኀኒት አይገኝለትም ይባላል። ከዚህ ቀጥሎ ካለው አንዱ እንኳ ቢኖር፣ ሐኪሙ ባይጠይቅም መናገር ይገባል፦

ሀ/ ከዚህ ቀደም በእግር፣ በሳንባ ወይም በዐይን የደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ እንደ ሆነ፤
ለ/ ከወላጆች ወይም ከወንድምና ከእኅት መካከል ይህ በሽታ ያገኘው ሰው እንዳለ፤
ሐ/ የካንሰር፣ የልብ ወይም የስትሮክ በሽታ እንዳለ፣ ሲጋራም የሚያጨሱ እንደ ሆነ፤
መ/ በቅርብ ጊዜ ኦፕራሲዮን የሚደረግ ወይም ረጅም ጕዞ የታሰበ እንደ ሆነ፤
ሠ/ ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኀኒት፣ ወይም የኤስትሮጅን ክኒን የሚወሰድ እንደ ሆነ።

በአገራችን በተለይ ልንጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። በአሜሪካ፣ በኤውሮፓ ወይም በዐረብ አገሮች የሚኖሩ ልጆች ለእናቶቻቸው መድኀኒት ይልካሉ። ፍቅራቸው የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን በሻንጣ የመጣ መድኀኒት የሐኪም ምርመራ አብሮት አይመጣም። ለአንዲት እናት የተላከውን ክኒን «ለአጥንት ጥሩ ነው» ብሎ ለጐረቤት ማካፈልም እጅግ አደገኛ ነው፤ የጐረቤቲቱ ደም ከዚህ ቀደም ረግቶ ይሆናልና። የመጣው መድኀኒት ከነማሸጊያው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ተወስዶ ለሐኪም ሳይታይ አይጀመር።

6ኛ/ ሰው አልጋ ላይ ሲውል፤ ዋናው ጥንቃቄ

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ትምህርት አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውሱ ቢሆን ይህን ያስታውሱ።

ራሎክሲፊን የሚወስዱ አንዲት እናት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ እንበል። አስታማሚዋ ልጃቸው፣ «ይህ የአጥንት መድኀኒት ነው፤ አሁን አጥንታቸው ስለ ተሰበረ አንድ ቀን እንኳ ሊቀርባቸው አይገባም» ብላ ታስባለች። አሳቧ ከቅንነት የመጣ ነው፤ ለሰሚውም ትክክል ይመስላል። ነገር ግን እናቲቱ በተኙበት አልጋ ላይ ከላይ የዘረዘርናቸው 3 ምክንያቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገናኛሉ። እርሳቸው ስለማይራመዱ ደማቸው ይዘገያል፤ በስብራቱና በኦፕራሲዮኑ የደም ሥራቸው ይጐዳል፤ በመድኀኒቱ ደግሞ ደማቸው ለመርጋት ይፈጥናል። ክኒኑ በእነዚያ ሳምንታት ለተሰበረው ዳሌ የሚያመጣው ፈውስ የለም፤ የሚያመጣው አደጋ ግን እውነተኛ ነው።

ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ነው፤ አስቀድሞ ቀኑ የታወቀ ኦፕራሲዮን ወይም ለብዙ ቀን የሚያስተኛ ሌላ ሕክምና ካለ፣ ራሎክሲፊን ቢያንስ ከ72 ሰዓት፣ ማለት ከ3 ቀን በፊት ይቆማል። በሰውነት ውስጥ ያለው የመድኀኒቱ ግማሽ የሚጠፋው ከአንድ ቀን ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ስለ ሆነ፣ ከ3 ቀን በኋላ የሚቀረው ጥቂት ነው። ስብራቱ ወይም ሕመሙ ድንገተኛ ከሆነ መድኀኒቱ በዚያው ቀን ይቆማል፤ ለሐኪሙም ይነገራል። እንደ ገና የሚጀመረው ሰውዬዋ ተነሥታ እንደ ልቧ መራመድ ስትችልና ሐኪሙ ሲፈቅድ ነው። በወንበር ወይም በአልጋ ጠርዝ መቀመጥ እንደ መራመድ አይቈጠርም።

መድኀኒቱ በቆመበት ጊዜ በሽተኛዋ ሐኪሙ እንደ ፈቀደላት መጠን የእግሯን መዳፍ ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሰች ባቷን ታሠራው፤ ውሃም ትጠጣ፤ በተፈቀደላትም ቀን ሳትዘገይ ትነሣ። ሐኪሙ ደም እንዳይረጋ የሚከለክል መርፌ ሊያዝላት ይችላል። በገዛ ፈቃድ አስፒሪን መዋጥ ግን የዚህ ምትክ አይሆንም፤ ጨጓራንም ሊያደማ ይችላል።

ይህ የማቆም ሕግ ለራሎክሲፊን የተነገረ ነው። ኤስትሮጅን የሚወስዱም ስለ ማቆሙ ሐኪማቸውን አስቀድመው ይጠይቁ። ዴኖሱማብ የሚባለው መርፌ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቢዘገይ ወይም ቢቋረጥ፣ የአከርካሪ ስብራት ሊከተል ይችላል። ስለዚህ የአንዱን መድኀኒት ሕግ ለሌላው ማድረግ አይገባም።

7ኛ/ ረጅም መንገድ

ለ4 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ የደም መርጋትን አደጋ በእጥፍ ያህል እንደሚያበዛ የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 አስታውቋል። ይህም በአውሮፕላን ለሚጓዝ ብቻ የተነገረ ሳይሆን በአውቶቡስ፣ በባቡርና በመኪና ለሚጓዝም ነው። ልጇን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ የምትበር እናትና ለበዓል ከአዲስ አበባ ወደ ጐንደር በአውቶቡስ የምትሄድ እናት በዚህ ነገር እኩል ናቸው። ራሎክሲፊን የምትወስድ መንገደኛ በየጊዜው ተነሥታ ትራመድ፤ መነሣት በማይቻልበትም ጊዜ ተረከዟንና ጣቶቿን እየቀያየረች ታንሣ። አውቶቡሱ በቆመበት ሁሉ ትውረድ። መሽናት እንዳያስቸግራት ብላ ውሃ መጠጣትን አትተው። እግሯን በዕቃ መካከል አጣብቃ አትቀመጥ።

8ኛ/ የአደጋው ምልክቶች

በእግር፦ አንዱ እግር ብቻ ያብጣል፤ ባቱን ወይም ጭኑን ያማል፤ ቦታው ይሞቃል፣ ይቀላል ወይም መልኩ ይለወጣል።

በሳንባ፦ ድንገት ትንፋሽ ያጥራል፤ ደረት ይወጋል፣ በተለይም አየር በረጅሙ ሲስቡ፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ሳል ደም ይቀላቅላል፤ ሰው ራሱን ይስታል።

በዐይን፦ የአንድ ዐይን ብርሃን ያለ ሕመም ድንገት ይደበዝዛል ወይም ይጠፋል።

በአንጎል፦ ፊት በአንድ ወገን ይጣመማል፤ እጅ ወይም እግር ይዝላል፤ ንግግር ይተሳሰራል።

ከእነዚህ አንዱ ሲታይ መድኀኒቱን አቁሞ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የሳንባ፣ የዐይንና የአንጎል ምልክት ሲሆን እስኪነጋ መቆየት አይገባም። ለሐኪሙም የመድኀኒቱን ስም መናገር ወይም ማሸጊያውን ማሳየት ምርመራውን ያፋጥናል።

ያበጠ እግር ሲታይ በቅቤ ማሸት ወይም ወጌሻ ጠርቶ ማሳሸት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። መወለቅ ወይም ወለምታ ነው ተብሎ የሚታሸው እግር በውስጡ የረጋ ደም ያለበት እንደ ሆነ፣ መታሸቱ የረጋውን ደም አላቆ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። ስለዚህ ሳይወድቅና ሳይመታ አንድ እግሩ ብቻ ያበጠ ሰው፣ ይልቁንም ይህን መድኀኒት የሚወስድ ወይም ከአልጋ የተነሣ ሰው፣ በአልትራሳውንድ ሳይመረመር እግሩ አይታሽ።

9ኛ/ በፍርሃት መድኀኒቱን መጣል

ይህን ያነበበ ሰው ፈርቶ የእናቱን መድኀኒት ሁሉ ቢጥል፣ ከአንዱ አደጋ ሸሽቶ በሌላው ላይ ይወድቃል። የዳሌ ስብራት ራሱ ሰውን አልጋ ላይ ስለሚያውል፣ ለደም መርጋት ከታወቁት ምክንያቶች አንዱ ነው። አጥንትን ሳይጠብቁ ቀርቶ ደምን ጠብቄአለሁ ማለት አይቻልም። ራሎክሲፊን የማይስማማት ሴት በእርሱ ፈንታ ከላይ ከጠቀስናቸው ደም ከማያረጉት አንዱን ከሐኪሟ ጋር ተመካክራ መምረጥ ትችላለች። ከዚህም ጋር ለሁሉም የሚጠቅመው ነገር አይለወጥ፤ ይኸውም በየቀኑ መራመድ፣ ካልሲየም የሚገኝበትን ምግብ መመገብ፣ የፀሐይ ብርሃን ማግኘት፣ ሲጋራን መተው፣ የቤቱንም መተላለፊያ ከሚያደናቅፍ ዕቃ አጽድቶ በሌሊት መብራት ማኖር ነው።

ለመምህራን

መምህራን ይህን ትምህርት ሲሰጡ፣ ተማሪዎቹ በቤታቸው ያሉት አያቶች የሚወስዱትን መድኀኒት ስም፣ መጠንና የተጀመረበትን ቀን በአንድ ወረቀት ላይ እንዲጽፉና ወረቀቱን በቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲለጥፉ ቢያዝዙ መልካም ነው። ድንገተኛ ነገር በደረሰ ጊዜ ያ ወረቀት ከበሽተኛዋ ጋር ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ከትምህርቱም በኋላ እነዚህን ጥያቄዎች ይጠይቁ፦

1/ ደም በደም ሥር ውስጥ የሚረጋባቸው 3 ምክንያቶች ምን ምን ናቸው?
2/ ራሎክሲፊን የምትወስድ ሴት ኦፕራሲዮን ቢታዘዝላት ከስንት ሰዓት በፊት ታቆማለች? መልሳስ የምትጀምረው መቼ ነው?
3/ «አጥንቷ ስለ ተሰበረ የአጥንት መድኀኒት አይቅርባት» ለሚል ሰው ምን ብላችሁ ታስረዱታላችሁ?
4/ አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ ማሸት ስለ ምን ይከለከላል?
5/ የዴኖሱማብን መርፌ እንደ ራሎክሲፊን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥ ስለ ምን አይገባም?